ዓይኑን የሰበረ ሁሉ አይዋሽም፦ ሰው ሳይናገር የሚለውን ለመረዳት

ስለ ሰውነት ቋንቋ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ላይ የሚዞሩት ምክሮች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ናቸው። እጁን ደረቱ ላይ ያጣመረ ሰው አልተስማማም። አፍንጫውን የነካ ይዋሻል። ዓይን ዓይናችሁን ያላየ የሚደብቀው ነገር አለ። ምክሮቹ አጭር ናቸው፤ ለማስታወስም ይቀላሉ። ግን በእነሱ ምክንያት ሥራ የሚያጣ ሰው አለ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ በሰው ሀብት ክፍል። ሠራተኛ እንቀጥራለን፣ አዲስ የገቡትን እናለማምዳለን፣ የተጣሉትን እናነጋግራለን። ከዚያ በፊት ባንክ መስኮት ላይ ነበርኩ። ሁለቱም ቦታ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት፣ እጅና ድምፅ ሲታይ የሚዋልበት ነው። ቅጥር ላይ ስንቀመጥ ደጋግሞ የሚነሳ አስተያየት አለ፦ "ልጅቷ ኮንፊደንስ የላትም።" ለምን? "ቀና ብላ አላየችንም።" ይህ ያናድደኛል። በታላላቆቿ ፊት ዓይኗን ሰበር አድርጋ እንድትናገር ተደርጋ ያደገች ልጅ፣ አስተዳደጓን ይዛ ስለመጣች ሥራ ልትከለከል አይገባም።

ሰውን ስመለከት የምከተለውን መንገድ እዚህ አስቀምጣለሁ። ቢሮም፣ ቤትም፣ ሰፈርም ይሠራል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ተዉ

ስልጠና ላይ "ከመልእክታችን 93 በመቶው የሚተላለፈው ያለ ቃል ነው" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ቁጥሩ የመጣው አልበርት ሜራቢያን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ነው። ቃል 7 በመቶ፣ የድምፅ ቃና 38፣ ፊት 55። ጥናቶቹ ግን ያዩት በጣም ጠባብ ነገር ነው። ነጠላ ቃል በተለያየ ቃና ሲነገር፣ ወይም ከፊት ፎቶግራፍ ጋር ሲቀርብ፣ ሰሚው የተናጋሪውን ስሜት እንዴት ይገምታል? ሜራቢያን ራሱ ቀመሩ ስለ ስሜትና ስለ ውዴታ ሲወራ ብቻ እንደሚያገለግል ተናግሯል። ስለ ደመወዝ፣ ስለ መድኃኒት መጠን፣ ስለ ቤት ኪራይ ውል ስናወራ ዋናው ቃሉ ነው። ስለዚህ የሰውን ፊት ስትመለከቱ የሚለውን መስማት አታቁሙ።

ሁለተኛው ውሸት ማደን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰሉ። ከ24,000 በላይ ሰዎች እውነቱን ከውሸቱ ለመለየት ሞክረው ነበር። በአማካይ ያገኙት 54 በመቶውን ነው። ሳንቲም ወርውሮ መገመት 50 በመቶ ያስገኛል። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ50 በላይ በሆኑ አገሮች ያሉ ሰዎች "ውሸታም በምን ይታወቃል?" ተብለው ተጠይቀዋል። ከሁሉ የበዛው መልስ "ዓይኑ ይሸሻል" የሚል ነበር። ዓለም ሁሉ በዚህ ይስማማል ማለት ይቻላል፤ ዓይን ግን ውሸትን በመለየት ረገድ ብዙም አይረዳም።

የምታዩት ነገር ሌላ ነው። ምቾት ማጣት ይታያል። ጥርጣሬ፣ ድካም፣ ፍርሃት፣ "ልናገር ፈልጌ ነበር" የሚል ሁኔታ ይታያል። እያንዳንዱ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ምክንያቱን ፊቱ ላይ አታገኙትም፤ መጠየቅ አለባችሁ።

መጀመሪያ የሰውየውን ልማድ ያዙ

ሁሌም እግሩን የሚያወዛውዝ ሰው አለ። ሁሌም ጮክ ብላ የምታወራ አለች። ሲያስብ ጣሪያ ጣሪያ የሚያይ አለ። እነዚህ ስለ ጉዳዩ ምንም አይነግሯችሁም። የሚነግራችሁ ለውጡ ነው። ለውጡን ለማየት ደግሞ መነሻውን ማወቅ ያስፈልጋል።

እኔ ቃለ መጠይቅ ስጀምር የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ቀላል ወሬ ላይ አውላቸዋለሁ። "ትራንስፖርት እንዴት ነበር?" "ቢሮውን በቀላሉ አገኘኸው?" በዚህ ጊዜ አራት ነገር አያለሁ። እጁ የት ነው ያለው? ድምፁ ምን ያህል ፈጣንና ከፍ ያለ ነው? ከመመለሱ በፊት ምን ያህል ይቆያል? ዓይኑ የት ያርፋል? ከዚያ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። አንዱ ሲለወጥ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ሁለትና ሦስቱ አንድ ላይ ሲለወጡ ግን ወረቀቴ ጠርዝ ላይ ጥያቄውን ምልክት አደርግበታለሁ።

አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ስለ ሥራው ሲያስረዳን እጁን እያንቀሳቀሰ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ ነበር። "የቀድሞውን ሥራ ለምን ለቀቅክ?" ሲባል እጆቹ ጠረጴዛ ሥር ገቡ፤ መልሱም ሁለት ቃል ሆነ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወዲያው "ሰርቆ ነው" በሚል ዓይን አየኝ። ጥያቄውን በኋላ ረጋ ብዬ ደግሜ አነሳሁት፤ "ስለ አወጣጥህ ትንሽ ብትነግረን ደስ ይለናል፣ ጊዜ አለን።" አባቱ ታመው ክፍለ ሀገር ሄዶ፣ ሳያስፈቅድ በመቅረቱ እንደተሰናበተ ነገረን። በኋላ ሲጣራም እንደዚያው ነበር። ጉድለት ሊሆንም ይችል ነበር። እጁ የነገረኝ የት ቦታ ልጠይቅ እንደሚገባኝ ብቻ ነው።

ባንክ ሳለሁ ደግሞ አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩን። ሲመጡ ይመርቁናል፣ ይቀልዳሉ። አንድ ቀን የቁጠባ ደብተራቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው መጡ። ከኋላቸው አንድ ወጣት ቆሟል፤ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ግን አይደለም፣ ትከሻቸው ላይ ነው። ያላቸውን ገንዘብ በሙሉ ማውጣት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ምርቃት የለም። ጥያቄ ስጠይቃቸው ከመመለሳቸው በፊት ዞር ብለው ልጁን ያያሉ። ከሦስት በላይ ለውጥ በአንድ ጊዜ። "አባቴ፣ ፊርማዎን እናመሳክር፣ ውስጥ ይግቡልኝ" አልኩና ለኃላፊዬ ነገርኩ። ለብቻቸው ሲጠየቁ ገንዘቡን ማውጣት እንደማይፈልጉ ተናገሩ። ፈልገው ቢሆን ኖሮም ከአሥር ደቂቃ በላይ አይዘገዩም ነበር። ገንዘብ ቤት የምትሠሩ ሁሉ ይህን ልብ በሉ፦ ጥርጣሬ ሲገባችሁ ማንንም አትክሰሱ፤ ሰውየው ብቻውን የሚናገርበት ቦታ ብቻ ፍጠሩ።

የእኛን አገር ምልክት በእኛ አገር ሚዛን

ዓይን ላይ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። አክብሮትንና ፍርሃትን እንዴት እንለያቸው? ዓይኑን ብቻ አትዩ። ከአክብሮት ዓይኗን የሰበረች ልጅ ሰውነቷ ወደ እናንተ ያዘነበለ ነው። መልሷ ሙሉ ነው። የምታውቀው ሥራ ሲነሳ ዓይኗ ከፍ ይላል፣ እጇም ይንቀሳቀሳል። የፈራ ሰው ትከሻው ወደ ጆሮው ይጠጋል፣ መልሱ እያጠረ ይሄዳል፣ ዓይኑ በሩን ይፈልጋል። ለፈራው ውኃ ስጡትና የሚችለውን ቀላል ጥያቄ አስቀድሙለት።

ትንፋሽ። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ "አዎ" ማለት ለእኛ ተራ ነገር ነው። የውጭ ዜጋ ባልደረባ ግን የደነገጣችሁ ይመስለዋል፤ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት። ለአለቆች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ትንፋሽ ብዙ ጊዜ "እየሰማሁ ነው" ማለት ነው። ቃል እንደተገባላችሁ አትቁጠሩት። "ታዲያ ሐሙስ ይደርሳል?" ብላችሁ ጠይቁ።

እጅ። ቀኝ እጅን ዘርግቶ ክንድን በግራ እጅ መደገፍ፣ ወረቀት በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል፣ ታላቅ ሲገባ ብድግ ማለት፤ እነዚህን ሰዉ ሳያስበው ይመዘግባቸዋል። ድሮ የተቀመጠው "ኖር" ብሎ ይነሳል፣ የገባው "በእግዜር" ይላል። ዛሬ ቃሉ ቢቀርም ከወንበር ከፍ ማለቱ አልቀረም። እጁ የረጠበ ወይም ምግብ የነካው ሰው የእጁን አንጓ ቢዘረጋላችሁ ያዙት፤ ሙሉ ሰላምታ ነው። "ጠበቅ አድርገህ ጨብጥ፣ በራስ መተማመንህ ይታያል" የሚለው ምክር ለብዙ አዛውንት አይሠራም። እነሱ ጋ ለስላሳና ቆየት ያለ ጭበጣ፣ የጤናና የቤተሰብ ጥያቄ እየደራረበ የሚቀጥለው፣ ነው የሙቀት ምልክቱ። እጅን ቶሎ መንጠቅ ይከፋቸዋል።

እግር አነባብሮ መቀመጥ ለወጣቱ ምቾት ነው፤ ለአንድ የ70 ዓመት ሰው ግን ንቀት ሊመስል ይችላል። ሽምግልና ወይም ለቅሶ ቤት ስትቀመጡ ሁለቱንም እግር መሬት ላይ አድርጉ። ለቅሶ ቤት ነጠላውም ይናገራል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ትከሻና ፊት አካባቢ ሆኖ የለበሰችውን ሴት በሳቅ ሰላም አትበሉ።

"በልቻለሁ፣ በቃኝ።" ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚያደናግረው ይህ ነው። የመጀመሪያው እምቢታ ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው። ስለዚህ አካሉን ተመልከቱ። ወደ ማዕዱ እንዳዘነበለ "በቃኝ" ካለ ደግማችሁ ጋብዙት። ወደ ኋላ ሸሽቶ ከተቀመጠ፣ እጁን ሲኒው ላይ ወይም ሳህኑ ላይ ከደፋ፣ ወይም ሊታጠብ ከተነሳ፣ እውነቱን ነውና ተዉት። ጉርሻ ስትዘረጉም እንደዚሁ። አፉን ከመክፈቱ በፊት አንገቱ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው አታስጨንቁት፤ ሕመም ሊኖርበት ይችላል፣ ጾመኛ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ጊዜዬን የሚወስደው ግን ኩርፊያ ነው። እኛ ስንከፋ ብዙ ጊዜ አንጮህም፤ ዝም እንላለን። ዝምታውን ካላነበብነው ለወራት ይቆያል። ቢሮ ውስጥ ኩርፊያን የማየው ስብሰባ ላይ አይደለም፣ ቡና ሰዓት ላይ ነው። ማን ከማን ጎን መቀመጥ አቆመ? ጠዋት ሁሉንም ሰላም ብሎ አንድ ጠረጴዛ ብቻ የሚዘልለው ማነው? ከአንድ ትሪ ይበሉ ከነበሩት መካከል ምሳውን ለብቻው የያዘው ማነው? ቤት ውስጥም ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ የተለየ ሰዓት መብላት፣ ልጅ ልኮ መልእክት ማስተላለፍ፣ "ምንም አልሆንኩም" የሚል አጭር መልስ።

እዚህ ላይ የአጠያየቅ መንገዱ ዋና ነው። ሰው ፊት አታንሱት። ፊት ለፊት ጠረጴዛ ይዞ መቀመጥም ከባድ ነው፤ ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ይቀላል። ያያችሁትን ተናገሩ እንጂ ለስሜቱ ስም አትስጡለት። "ለምን አኮረፍሽ?" ስትሏት "አላኮረፍኩም" ትላለች፣ ወሬውም እዚያው ያበቃል። "ከማክሰኞ ጀምሮ ቡና ላይ አላየሁሽም" ስትሏት ግን የሚካድ ነገር የለም፤ መናገር ከፈለገች በሩ ክፍት ነው። ከዚያ ዝም በሉ። እኛ ሰዎች ዝምታውን ለመሙላት እንቸኩላለን፤ አትቸኩሉ። ሁለተኛ ቀን ላይ የሚመጣ መልስም መልስ ነው።

ስብሰባ ላይ ያለው "እሺ"ም ከዚህ ይዛመዳል። ፈጠን ያለ "እሺ" ብሎ እስክሪብቶው መጻፍ ከጀመረ ሥራው ተጀምሯል። "እሺ…" ብሎ አስረዝሞ እስክሪብቶውን ካስቀመጠ አንድ ያልተናገረው ችግር አለው። እዚያው ሰው ፊት አታፋጡት። ስትወጡ "ሥራው ላይ የሚያስቸግር ነገር ታየህ?" በሉት። "ገብቶሃል?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ "አልገባኝም" የሚል ሰው ጥቂት ነው።

ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ

ጠያቂዎቹ ሁሉ እንደ እኔ አያስቡም። ስለዚህ ራሳችሁን ሳትለውጡ ለእነሱም እንዲታያቸው አድርጉ። መልስ ስትጀምሩ የጠየቃችሁን ሰው እዩ፤ ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ሌሎቹ አዙሩ። ዓይን ማየት ከከበዳችሁ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ያለውን ቦታ እዩ፤ ከጠረጴዛ ማዶ ልዩነቱ አይታወቅም። ስታስቡ ወደ ጎን ማየት ምንም ችግር የለውም። እጃችሁ ጠረጴዛው ላይ ይታይ። ቦርሳ ጭን ላይ አትታቀፉ፤ መሬት አስቀምጡት። በአክብሮት ድምፅ ዝቅ ማድረግ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ መለኪያችሁ ከሁሉ ርቆ የተቀመጠው ጠያቂ ይሁን። እሱ ወደ ፊት ጎንበስ ካለ አልሰማችሁም፤ ከፍ አድርጉ።

ጠያቂዎች ከሆናችሁ ደግሞ "በራስ መተማመን" የሚል ነጥብ ቅጹ ላይ ካለ አንሱት። በምትኩ ሥራውን አሠሩ። የሂሳብ ሠራተኛ ከሆነ ስህተት ያለበት ሰነድ ስጡትና ይፈልግ። የእንግዳ ተቀባይ ከሆነች የተቆጣ ደንበኛ ሆናችሁ አናግሯት።

ከአገር ስትወጡ

አዲስ አበባ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው መንጃ ፈቃዱን ይዞ፣ ከመኪናው ወርዶ በትሕትና የሚቀርብ ሾፌር ብዙ ነው። አሜሪካ ይህን አታድርጉ። ከመኪና መውረድ እዚያ እንደ ማስፈራሪያ ሊታይ ይችላል። ተቀመጡ፣ ሁለት እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉ፣ ወረቀት ከኪስ ወይም ከመሳቢያ ከማውጣታችሁ በፊት "ላወጣ ነው" ብላችሁ ተናገሩ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ አዲስ ለሚገቡ ዘመዶቻችሁ ይህን መጀመሪያ ንገሯቸው።

ከንፈር መምጠጥ ለእኛ ሐዘኔታ ነው። ለጃማይካና ለብዙ ምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ግን ተመሳሳይ ድምፅ ንቀትና ንዴት ነው። አብራችሁ የምትሠራ ጃማይካዊት ልጇ መታመሙን ስትነግራችሁ ከንፈር ብትመጥጡ ክፉኛ ልታዝን ትችላለች። "አዝናለሁ" በሉ፣ በቃል።

አምስቱን ጣቶች ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ወደ ላይ ማቆም ዱባይም ቴል አቪቭም "ቆይ፣ ታገስ" ነው። ሮም ላይ "ምን ማለትህ ነው?" ይሆናል። ሰው መጥሪያችንም ይሳሳታል፤ መዳፍ ወደ ታች ሆኖ ጣት ሲወዛወዝ አሜሪካዊው "ሂድ" የተባለ ሊመስለው ይችላል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ወንዶች ለሴት ቀድማችሁ እጅ አትዘርጉ፤ እሷ ከዘረጋች ጨብጡ። እጇን ደረቷ ላይ ካደረገች ሰላምታው ተሟልቷል፣ እናንተም እንደዚያው መልሱ። ጫማችሁን ወደ ሰው ፊት አዙራችሁ አትቀመጡ።

እስራኤል ያሉ ወላጆች ደግሞ ይህን ሥራዬ ብላችሁ ያዙት። መምህር ፊት ዝም ያለ፣ ዓይኑን ሰበር ያደረገ ልጅ "አልገባውም" ወይም "ፍላጎት የለውም" ተብሎ ሊመዘን ይችላል። የትምህርት ዘመኑ ሲጀምር ሄዳችሁ ለመምህሩ አስረዱ፦ ቤታችን ውስጥ ይህ አክብሮት ነው፣ ልጁን በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁት። ለልጁም ክፍል ውስጥ ቀና ማለት ነውር እንዳልሆነ ንገሩት።

ስለ ስልክና ቪዲዮ ብዙ የምለው የለኝም። ስልክ ላይ ያ የትንፋሽ "አዎ" ላይሰማ ይችላል፤ በቃል መልሱ። ዙም ላይ የምትናገሩት እናንተ ስትሆኑ ካሜራውን እዩ፤ ስትሰሙ ፊቶቹን እዩ።

እንዴት ትለማመዳላችሁ?

ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበት ቃለ ምልልስ ፈልጉ፤ ዩቲዩብ ላይ መልሳችሁ ማየት የምትችሉት ቢሆን ይመረጣል። ድምፁን አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ተመልከቱ። የትኛው ጥያቄ ላይ እንግዳው እንደተለወጠ፣ ምኑ እንደተለወጠ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ድምፁን ከፍታችሁ ከመጀመሪያው እዩት። ቀጥሎ አብሯችሁ ከሚኖር ሰው ጋር ሞክሩት፤ "ዛሬ ስትገቢ የደከመሽ መሰለኝ፣ ልክ ነኝ?" ብላችሁ ግምታችሁን እንድታርም ፍቀዱላት። ብዙ ጊዜ የምትሳሳቱት ዓይን ላይ ነው፣ ዝምታ ላይ ነው ወይስ ፈገግታ ላይ? ከለያችሁት በኋላ ቀጣዩን ሳምንት እሱን ብቻ አስተውሉ።